በሰርከስ ስለሚሠቃዩ እንስሳትና ስለ ወጣቶች ድርሻ

በውጭ አገር ከሚኖሩት ምእመናን መካከል አንዳንዶቹ፣ ልጆቻቸው ከትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ጋር ወደ ሰርከስ ሲጋበዙ፣ ይህ ነገር ለክርስቲያን ልጅ ይገባልን ወይስ አይገባም እያሉ ካህናትን ይጠይቃሉ። ጥያቄው የልጆች ጨዋታ ጉዳይ ስለሚመስል ብዙውን ጊዜ በአንድ ቃል ተመልሶ ይቀራል። ጠለቅ ብለን ብንመረምረው ግን፣ እግዚአብሔር ለሰው የሰጠው ሥልጣን ምን ዓይነት ሥልጣን ነው የሚለውን ታላቅ ነገር በውስጡ ይዞ እናገኘዋለን። ስለዚህ የሰርከስን አመጣጥ፣ በእንስሳቱ ላይ የሚፈጸመውን ግፍ፣ ወጣቶችም ይህን ግፍ በምን መንገድ ሊቃወሙት እንደሚችሉ በተቻለን መጠን እንገልጻለን። ነገሩ በአብዛኛው የተፈጸመው በውጭ አገር ስለ ሆነ ዓመታቱን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ሰርከስ የሮማይስጥ ቃል ሲሆን ትርጓሜው ክብ ማለት ነው። የሮም ሰዎች የፈረስ እሽቅድምድም የሚያደርጉበትን፣ አራዊትንም እርስ በርሳቸውና ከሰው ጋር የሚያዋጉበትን ሰፊ አደባባይ በዚህ ስም ይጠሩት ነበር። ጌታችን ከመወለዱ በፊት በ55 ዓመት ፖምፔዮስ የተባለው የሮም መስፍን ሕዝቡን ለማስደሰት ብሎ ወደ 20 የሚጠጉ ዝሆኖችን በአደባባይ አዋጋ። ዝሆኖቹ ማምለጫ እንደሌላቸው ባዩ ጊዜ ኵምቢያቸውን ወደ ሕዝቡ እያነሡ እንደ ልመና ያለ ጩኸት ስለ ጮኹ፣ ለመደሰት የተሰበሰበው ሕዝብ እያለቀሰ ተነሥቶ ፖምፔዮስን እንደ ረገመው ጸሓፊው ፕሊኒዮስ መዝግቦታል። በዚያ ዘመን የነበረው ቺቼሮም ሕዝቡ ይህ እንስሳ ከሰው ጋር አንድ ዓይነት ዝምድና አለው ብሎ እንዳሰበ ለወዳጁ በላከው ደብዳቤ አመልክቷል። እነዚህ ሰዎች ሕገ ኦሪትን ያልተማሩ፣ ወንጌልም ያልተሰበከላቸው መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

የሕዝቡ ርኅራኄ ግን የአንድ ቀን ርኅራኄ ሆኖ ቀረ። በ80 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ቲቶ ታላቁን የሮም የትርኢት ሕንፃ ሲያስመርቅ 9,000 ያህል እንስሳት እንደ ተገደሉ የታሪክ ጸሓፊው ዲዮን ይናገራል። ቤተ ክርስቲያናችን ምጥው ለአንበሳ እያለች የምትጠራው ቅዱስ አግናጥዮስ የአንጾኪያው ኤጲስ ቆጶስ በሮም ለአራዊት የተሰጠው በእንዲህ ያለው ትርኢት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይታሰብ አንድ ነገር እንጨምር፤ ሰማዕቱን የበላው አንበሳ ራሱ ከበረሃ በወጥመድ ተይዞ፣ በረኃብ ታስሮ የቈየ ምርኮኛ ነበር። የጨካኞቹ እጅ ሰማዕቱንም አውሬውንም ይዞ ነበር። ዮሐንስ አፈ ወርቅም በ399 ዓ.ም. ምእመናን በዕለተ ስቅለት ቤተ ክርስቲያንን ትተው ወደ ፈረስ እሽቅድምድም ስለ ሮጡ ጽኑ ተግሣጽ ገሠጻቸው፤ ከዚህ የማይመለሰውንም ከቤተ ክርስቲያን እንደሚከለክል አስጠነቀቀ። በርግጥ የአፈ ወርቅ ተግሣጽ የተመልካቹን ነፍስ ስለ መጠበቅ እንጂ ስለ ፈረሶቹ አልነበረም፤ ይህን ሳንሸሽግ እንናገራለን። ነገር ግን ትርኢት የሚያየውን ሰው ይለውጠዋል የሚለው ትምህርቱ ለያዝነው ነገር መሠረት ይሆነናል።

ዛሬ ሰርከስ የምንለው በ1768 በለንደን ከተማ ፊልፕ አስትሊ በሚባል የፈረሰኛ ወታደር የተጀመረው ነው። ፈረስ በክብ ሲጋልብ ፈረሰኛው ቆሞ ሚዛኑን ለመጠበቅ እንደሚችል ስላወቀ ክብ አደባባይ ሠራ፤ የክቡም ስፋት ከጫፍ እስከ ጫፍ 13 ሜትር ያህል ሆኖ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። በኋላ ከፈረሶቹ ላይ አንበሳ፣ ነብር፣ ድብና ዝሆን ተጨመሩ። የመከራውም ነገር ከዚህ ይጀምራል።

ዝሆንን እንውሰድ። እግዚአብሔር ዝሆንን ሲፈጥረው በማኅበር እንዲኖር፣ ከቀኑ የሚበልጠውን ሰዓት እየሄደ እንዲበላ አድርጎ ፈጥሮታል። እናቲቱ 22 ወር ታረግዛለች፤ ግልገሉንም ዓመታት ታጠባለች፤ መንጋውን የምትመራው ዕድሜ የጠገበች እናት ናት። ይህን ፍጥረት በ13 ሜትር ክብ ውስጥ በፊት እግሩ እንዲቆም፣ በርጩማ ላይ እንዲቀመጥ ለማድረግ በመጀመሪያ ግልገሉን ከእናቱ መለየትና በገመድ ጠፍሮ ፈቃዱን መስበር ያስፈልጋል። በ2009 በአሜሪካ በአንድ ትልቅ ሰርከስ ይሠራ የነበረ አሠልጣኝ ግልገሎቹ በገመድ ታስረው ሲጐተቱ የሚያሳዩ ፎቶግራፎችን ለሕዝብ እንዲገለጡ ሰጥቶ ነበር። የአሠልጣኙ መሣሪያ ጫፉ እንደ ኵላብ የታጠፈ ብረት ያለበት በትር ነው፤ ይህም ቆዳው በሚሳሳበት በጆሮው ጀርባና በእግሩ ላይ ይጫንበታል። ትርኢቱ ሲያልቅ ዝሆኑ በፊትና በኋላ እግሩ በሰንሰለት ታስሮ ረጅም ሰዓት ይቆማል። እንዲህ የታሰረ ዝሆን ራሱን ወዲያና ወዲህ ሲያወዛውዝ ይታያል፤ ተመልካቹ የሚጨፍር ይመስለዋል፤ የእንስሳት ሐኪሞች ግን የጭንቀት ምልክት መሆኑን ያውቃሉ።

ድብንም ቢሆን እንዲሁ። የኦርቶዶክስ ሃይማኖት ተከታዮች በሚበዙባት በቡልጋሪያ ድብን በአፍንጫው ቀለበት አድርጎ በየአደባባዩ ማስጨፈር የቈየ ልማድ ነበር። በ2000 በበሊጻ አጠገብ በተራራ ላይ መጠለያ ተሠራላቸውና በ2007 የመጨረሻዎቹ ጨፋሪ ድቦች ወደዚያ ገቡ። ከነርሱም አንዳንዶቹ ቀለበቱ ከአፍንጫቸው ከወጣ በኋላ እንኳ ሰው ባዩ ጊዜ በኋላ እግራቸው ቆመው መወዛወዝ ይጀምሩ ነበር። ሰንሰለቱ ከአካል ቢወጣም ከልብ ቶሎ አይወጣም።

ከሁሉ ይልቅ ለወጣቶች ሊነገር የሚገባው ግን ጃምቦ ስለሚባለው ዝሆን ያለው ታሪክ ነው፤ ለኛም ቅርብ ነው። ይህ ዝሆን በ1860 ገደማ ተወልዶ በሱዳንና በኢትዮጵያ ወሰን አካባቢ፣ እናቱ በአዳኞች ከተገደለች በኋላ፣ ገና ግልገል ሳለ እንደ ተያዘ ይነገራል። ከዚያ ወደ ፓሪስ፣ በ1865ም ወደ ለንደን የአራዊት መጠበቂያ ተወሰደ። በዚያ ብዙ ዓመት ሕፃናትን በጀርባው እየጫነ ሲዞር ኖረ፤ የንግሥት ቪክቶርያ ልጆች ሳይቀሩ ተቀምጠውበታል። ቀን እንዲህ ትዕግሥተኛ ሆኖ ይውልና ሌሊት ብቻውን በጋጣው ሲዘጋበት ግድግዳውን እየመታ ጥርሱን ይሰብር ነበር። ጠባቂዎቹ በመፍራታቸው በ1882 ባርነም ለሚባለው አሜሪካዊ የሰርከስ ባለቤት በ2,000 ፓውንድ ሸጡት። ይህ በተሰማ ጊዜ 100,000 ያህል የትምህርት ቤት ልጆች ዝሆኑ እንዳይሸጥ እየለመኑ ለንግሥቲቱ ደብዳቤ ጻፉ ይባላል። አልተሰማላቸውም። ጃምቦ በመርከብ ተጫነ፤ ሦስት ዓመት በየከተማው ሲታይ ከቈየ በኋላ በመስከረም 1885 በካናዳ አገር በባቡር ተመቶ ሞተ። ባለቤቱም ቆዳውን አስሞልቶ፣ ዐፅሙንም አስቁሞ ለትርኢት ማዞሩን ቀጠለ። እንግዲህ ግመል ሰርቆ አጎንብሶ መሄድ የለም እንደሚባለው፣ ባርነም ነገሩን ለመሸሸግ እንኳ አልደከመም።

ዐፅሙ ዛሬ በኒውዮርክ ቤተ መዘክር ይገኛል። በ2017 ሊቃውንት መርምረውት፣ ሲሞት 24 ዓመት የሚሆነው የዚህ ዝሆን የዳሌና የጕልበት አጥንት እጅግ እንዳረጀ ዝሆን አጥንት ተጎድቶ አገኙት፤ ምክንያቱም ዘወትር ሸክም መሸከሙ ነው። የመንጋጋ ጥርሱም እንደ ተፈጥሮው ቅርንጫፍና ልጥ ስላልበላ ያለ ቅጥ በቅሎ ነበር። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ከሕፃናቱ ደብዳቤ ጋር አስተያየው! ዝሆኑ እንዳይሸጥባቸው ያለቀሱት ልጆች በጀርባው የተቀመጡት ልጆች ናቸው። ፍቅራቸው እውነተኛ ነበር፤ ነገር ግን የሚወዱት እንስሳ በምን እንደሚጎዳ የነገራቸው አልነበረም። ስለዚህ ወጣቶችን ርኅሩኆች ሁኑ ብሎ መምከር ብቻውን አይበቃም፤ ማስረዳትም ያስፈልጋል።

አሁን ወደ መጻሕፍት እንመለስ። እግዚአብሔር ለአዳም በአራዊትና በእንስሳት ላይ ሥልጣን እንደ ሰጠው በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 1 ተጽፏል። ይህን ቃል ይዘው፣ የወደድነውን ብናደርግባቸው ምን አለበት የሚሉ አሉ። ነገር ግን ያ ሥልጣን የተሰጠበትን ዕለት እንመልከት፤ በዚያው ምዕራፍ ለሰውም ለአራዊትም ምግብ ሆኖ የተሰጠው የምድር ቡቃያና ፍሬ ነው። ለመብል እንኳ መግደል ባልተፈቀደበት ዕለት የተሰጠ ሥልጣን ለጨዋታ ማሠቃየትን እንዴት ሊጨምር ይችላል? በኋላም ከጥፋት ውኃ ወዲህ እግዚአብሔር ከኖኅ ጋር ኪዳን ሲገባ ከርሱ ጋር ከመርከብ ከወጡት ሕያዋን ሁሉ ጋር ደግሞ ኪዳን ገብቷል (ዘፍ. 9)። በሰንበት በሬውና አህያው እንዲያርፉ አዘዘ (ዘዳ. 5)፤ የጠላት አህያ እንኳ ከሸክሙ በታች ወድቆ ቢገኝ ማንሣት ግዴታ ሆነ (ዘጸ. 23)። ሰሎሞንም ጻድቅን ከኃጥእ ከሚለይባቸው ምልክቶች አንዱ ለእንስሳው ነፍስ ማሰቡ እንደ ሆነ አስተማረ (ምሳ. 12)። ነነዌም ከጥፋት ስትድን ዮናስ የሰማው ምክንያት ከ120,000 የሚበልጡት ሰዎች ብቻ ሳይሆኑ ብዙዎቹ እንስሳት ጭምር ናቸው።

ሊቃውንት ግን በዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ያነሣሉ፤ ጥያቄውም የሚናቅ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች በላከው በመጀመሪያው መልእክት በምዕራፍ 9 የሚያበራየውን በሬ አፍ አትሰር የሚለውን ሕግ አንሥቶ፣ ይህ የተጻፈው ስለ በሬዎች ታስቦ ነውን ብሎ ይጠይቃል፤ ነገሩንም ወደ መምህራን ያመጣዋል። እንግዲህ እግዚአብሔር ስለ በሬ አያስብም ማለት ነውን? አይደለም። ሐዋርያው የሚከራከረው ከታናሹ ወደ ታላቁ በመውጣት ነው። ሕጉ በሬው እያበራየ እንዳይራብ ተሠራ፤ ይህ ንባቡ ነው። አንድም፣ ለበሬ እንዲህ ከታዘነለት ቃለ እግዚአብሔርን እያስተማረ የሚደክም መምህርማ እንዴት አይታዘንለት ማለት ነው። የበሬው ነገር ሐሰት ቢሆን የመምህሩ ነገር የሚቆምበት መሠረት ባጣ ነበር። ጌታችንም ድንቢጦች በርካሽ የሚሸጡ ሲሆኑ ከነርሱ አንዲቱ እንኳ በእግዚአብሔር ዘንድ እንዳልተረሳች ያስተማረው (ሉቃ. 12) በዚሁ አካሄድ ነው።

ሌላው ጥያቄ ከቅዱሳን ገድል የሚነሣ ነው። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ከ60 አንበሶችና ከ60 ነብሮች ጋር ይኖሩ ነበር፤ የዋልድባው አቡነ ሳሙኤልም በአንበሳ ላይ ተቀምጠው ሲሄዱ በየቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ላይ ይታያሉ። ታዲያ አንበሳን የሚያዝዘው የሰርከስ ሰው ከነርሱ በምን ይለያል ብሎ ቢጠይቅ አንድ ልጅ፣ ቍጣ ሳይሆን መልስ ይገባዋል። አንበሶቹ ወደ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ የመጡት በወጥመድ ተይዘው አይደለም፤ አዳም ከመበደሉ በፊት የነበረውን መዓዛ በጻድቁ ላይ ስላገኙ ነው። ጻድቁ አለንጋም ሰንሰለትም አልነበራቸውም፤ የተጠማች ወፍ እንኳ የዓይናቸውን እንባ ስትጠጣ በሥዕላቸው ላይ እናያለን። በሰርከስ ያለው አንበሳ ግን በእሳት ቀለበት ውስጥ የሚዘለው ከእሳቱ ይልቅ አለንጋውን ስለሚፈራ ነው። የመጀመሪያው የገነት ሥልጣን ነው፤ ሁለተኛው የፈርዖን ሥልጣን ነው። ማር ይስሐቅም ስለ ርኅሩኅ ልብ ሲያስተምር፣ እንዲህ ያለው ልብ ለሰው፣ ለአዕዋፍና ለአራዊት ሁሉ እንደሚነድ፣ የአንዲቱን ፍጥረት ትንሽ ጉዳት እንኳ ለማየት እንደማይችል ያስረዳል። መጽሐፉን በየገዳሙ የምናነበው ይህን ለማለፍ አይደለም።

ሰው በተራበበት ዓለም ስለ ዝሆን መናገር ቅንጦት ነው የሚልም ይኖራል። ለዚህ የምንሰጠው መልስ አጭር ነው። በ1824 በለንደን እንስሳትን ከጭካኔ የሚጠብቀው የመጀመሪያው ማኅበር ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ የባሪያ ንግድ እንዲቀር የታገለው ዊልበርፎርስ ነበር። ሌላው አርተር ብሩም የተባለ ቄስ ሲሆን ደመወዙን ትቶ በዚህ ሥራ ላይ ተጠመደ፤ በማኅበሩም ዕዳ ምክንያት እስር ቤት ገባ። ለእንስሳ ያዘነው ልብ ለሰው ያዘነው ልብ ነው።

እንግዲህ ወጣቶች ምን ያድርጉ? ከዚህ በፊት የሠሩት ሥራ መንገዱን ያሳያል። በእንግሊዝ አገር በ1875፣ በአሜሪካም በ1882 የምሕረት ጭፍራ የሚባሉ የልጆች ማኅበሮች ተመሠረቱ፤ የአሜሪካውን ከመሠረቱት ሁለት ሰዎች አንዱ ቄስ ነበር። ልጆቹ ለሕያዋን ሁሉ ቸር ለመሆንና ከጭካኔ ለመጠበቅ ቃል ይገቡ ነበር። በ1918 ደግሞ በደራሲው በጃክ ለንደን ስም የተጠራ ማኅበር በቦስተን ቆመ። መዋጮ አልነበረውም፤ የአባሉ ግዴታ የሠለጠኑ አራዊት ወደ መድረክ ሲወጡ ከመቀመጫው ተነሥቶ በጸጥታ መውጣት ብቻ ነው። ጩኸት የለም፤ ድንጋይ መወርወር የለም። የአባሎቹ ቍጥር በመቶ ሺህ የሚቈጠር ስለ ሆነ በ1925 ታላቁ የአሜሪካ ሰርከስ የአራዊትን ትርኢት እስከ ማስወጣት ደረሰ። ጥቂት ዓመታት ቈይቶ ግን መልሶታል። በ1994 በሃዋይ ደሴት ታይክ የምትባል ዝሆን፣ በፊተኛው ዓመት ሁለት ጊዜ ለማምለጥ ሞክራ ሳለች ወደ ትርኢት ተመልሳ፣ ሕፃናት በተሰበሰቡበት አሠልጣኟን ገድላ ወደ ጎዳና ወጣች፤ በብዙ ጥይትም ተደብድባ ሞተች። ከዚያ ወዲህ የተቃውሞው ድምፅ አልቆመም። ያው ታላቅ ሰርከስ በ2016 ዝሆኖቹን አሰናበተ፤ በ2017 ተዘጋ፤ በ2023 የተመለሰው ያለ አንዳች እንስሳ ነው። ቦሊቪያ በ2009፣ ግሪክ በ2012 እንስሳትን ሁሉ ከሰርከስ ከለከሉ፤ በእንግሊዝም በ2020 በሥራ ላይ በዋለ ሕግ የዱር አራዊት ተከለከሉ፤ ፈረንሳይ በ2021 ያወጣችው ሕግ ደግሞ ከ2028 ጀምሮ ይሠራል።

ስለዚህ ሕጉ ገና ባልወጣበት አገር ያለ ወጣት ቲኬቱን ባለመግዛት ይጀምር፤ ሰርከሱ የሚኖረው በበሩ በሚከፈለው ገንዘብ ነውና። ለከተማው ሹማምንትና ለትምህርት ቤቱ አስተዳደር በትሕትና ይጻፍ። ያላየውን አየሁ አይበል፤ በሐሰት አትመስክር የሚለው ትእዛዝ ለመልካም ነገር ስንከራከርም አይነሣምና። በዛሬው ጊዜ በየስልኩ የሚዘዋወረው ሥዕል ሁሉ እውነት አይደለም፤ ከየት እንደ መጣ ሳያረጋግጥ አያስተላልፍ። በሰርከስ የሚሠሩትንም ሰዎች አይስደብ፤ ብዙዎቹ ከአባቶቻቸው የወረሱት እንጀራ ነው፤ እንጀራቸው ሳይጠፋ ሥራቸው ሊለወጥ ይችላል። ለዚህም ምስክር ከአገራችን አለን፤ በ1991 በአዲስ አበባ የተጀመረው ሰርከስ ኢትዮጵያ፣ ከርሱም በኋላ የተነሡት የሰርከስ ቡድኖች ወጣቶችን ያሠለጠኑት በገዛ አካላቸው ችሎታ ነው። ልጆቻችን ሲገለባበጡና አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ ሲቆሙ የሚያጨበጭብ ሰው ማንንም አላስለቀሰም።

በኛ አገር የዝሆን ትርኢት የለም ብለን ግን ራሳችንን ነፃ አናውጣ። ጦጣን በገመድ አስሮ በየመንገዱ የሚያስጨፍር አለ፤ ከታሰረ አውሬ ጋር ፎቶግራፍ ተነሥቶ የሚደሰት አለ። ጀርባው ቈስሎ ዝንብ የወረረው አህያ ከዐቅሙ በላይ እህል ተጭኖ ዳገት ሲወጣ፣ የጋሪ ፈረስም ወድቆ በአለንጋ ሲገረፍ ዘወትር እናያለን። በዚያ መንገድ ላይ ያለነው እኛ ካህናት ጭምር ነን። የሩቁን ዝሆን እያሰበ በደጁ ያለውን አህያ የሚመታ ወጣት ደብዳቤውን ለማን እንደሚጽፍ አናውቅም። የሰንበት ትምህርት ቤቶች በየአጥቢያቸው ባለጋሪዎችንና ባለአህያዎችን ቀርበው ቢያነጋግሩ፣ ለቈሰለው እንስሳ የሐኪም ዋጋ ቢያዋጡ፣ ከብዙ ስብከት የሚሻል ሥራ ነው።

በመጀመሪያ ወደ ተነሣው ጥያቄ ስንመጣ፣ አራዊትን የሚያሠቃይ ሰርከስ ከሆነ ልጁ አይሂድ፤ ሰዎች ብቻ የሚጫወቱበት ከሆነ ግን ልጁን ከጓደኞቹ የሚያስቀር ምክንያት አናይም። ስለዚህ ወላጆች አስቀድመው ይጠይቁ። በሚቀርበትም ጊዜ ልጁ በጓደኞቹ ፊት እንዳያፍር በዚያው ቀን ወደ ሌላ የደስታ ስፍራ ይውሰዱት፤ ምክንያቱንም እንደ ዕድሜው ያስረዱት። ለመምህሩ የሚጻፈው ደብዳቤ ከአንድ ገጽ ባይበልጥ መልካም ነው፤ ልጁ መጻፍ የሚችል ከሆነም ከአባቱ ይልቅ እርሱ ራሱ ቢጽፈው ይሻላል።